ጉንፋን ሲይዝ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ? ከደሴ ጓዳ የተጻፈ መመሪያ

የደሴ ብርድ ሲመጣ ጉሙ ጦሳ ተራራ ላይ ይተኛል። ጠዋት ሰው አፍንጫውን በነጠላና በፎጣ ሸፍኖ ይወጣል። ማታ ቡሉኮው ከሣጥን ይወጣል። ታክሲ ውስጥ መስኮት የሚከፍት ይጠፋል። ከዚያ አንዱ ያስላል፤ በሦስተኛው ቀን ቤቱ በሙሉ ያስላል።

ባለፈው ታኅሣሥ የኛ ቤት እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ልጄን ያዘው፣ ቀጥሎ እኔን፣ በመጨረሻ እናቴን። ጎረቤቱ ሁሉ ሊጠይቀን መጣ። ባዶ እጁን የመጣ ግን አልነበረም። አንዷ ጤና አዳም ቆርጣ፣ አንዷ ፌጦ ቋጥራ፣ አንዱ ደግሞ ለራሱ ታዞለት የተረፈውን አሞክሳሲሊን ይዞ። እንዲህ ያለ ጎረቤት ያለው ሰው ታድሏል። ግን የመጣውን ሁሉ ብንውጠው ኖሮ ሌላ በሽታ እንጨምር ነበር። ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት ለዚህ ነው። በእጃችን ካለው የቱ ይረዳል? በምን መጠን? ማን መውሰድ የለበትም? መቼስ ነው ድስቱን አውርደን ወደ ጤና ጣቢያ የምንሄደው?

ጉንፋን በቫይረስ ይመጣል። የሚያመጡት ቫይረሶች ከ200 ይበልጣሉ። እነሱን የሚገድል ቅጠል ጓዳችን ውስጥ የለም፤ ሰውነት ራሱ ነው የሚያሸንፋቸው። እስኪያሸንፍ ግን ጉሮሮ ይቃጠላል፣ አፍንጫ ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ቤት ውስጥ የምንሠራው ሁሉ ይህን ጊዜ ለማቅለል ነው። አሞክሳሲሊንም ሆነ ሌላ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ቫይረስ ላይ አይሠራም። የጎረቤት ትርፍ ክኒን በምስጋና ተቀብላችሁ አስቀምጡት እንጂ አትዋጡት።

መጀመሪያ ምን እንደያዛችሁ ለዩ

ተራ ጉንፋን ቀስ ብሎ ይገባል። ጉሮሮ ይከረክራል፣ ያስነጥሳል፣ ንፍጥ ይመጣል፣ ከዚያ ሳል ይከተላል። ሰውየው ይደክመዋል እንጂ ቆሞ ይሄዳል። ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይለቃል። ሳሉ ብቻ ሁለት ሳምንት ሊጠጋ ይችላል።

ኢንፍሉዌንዛ ድንገት ይጥላል። ጠዋት ደህና የነበረ ሰው ማታ አልጋ ላይ ነው። ትኩሳቱ ከ38 ዲግሪ ያልፋል፣ ብርድ ብርድ ይላል፣ ቁርጥማቱ ወገብና ጭን ይይዛል፣ ራስ ምታቱ ዓይን አያስገልጥም። አብዛኛው ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ይነሳል። ነፍሰ ጡሮች፣ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፣ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፣ አስም፣ ስኳር፣ የልብ ሕመም ወይም ኤችአይቪ ያለባቸው ሰዎች ግን ሊከብድባቸው ይችላል። እነሱን ገና ከመጀመሪያው ቀን ሐኪም ቢያያቸው ይሻላል።

ወሎ ውስጥ ሌላም መጠየቅ ያለበት ነገር አለ። ሰውየው ሰሞኑን የት ሄዶ ነበር? በአገራችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በታች ያለው ቦታ የወባ አገር ተብሎ ይታያል። ደሴ ተቀምጦ ለንግድ ባቲ፣ ከሚሴ ወይም ቆቦ ወርዶ የተመለሰ ሰው፣ ወይም ኮምቦልቻ የሚኖር ሰው፣ ቢያተኩሰውና ቢያንቀጠቅጠው «ጉንፋን ነው» ብሎ አይተኛ። ወባ በጣት ደም በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል። ጤና ኬላም ይመረምራል። ዝንጅብሉ ከምርመራው በኋላ ይደርሳል።

ውሃውን በደንብ አፍሉ

ትኩሳትና ንፍጥ የሰውነትን ውሃ ይጨርሳሉ። ታማሚው «አልጠማኝም» ቢልም በየሰዓቱ አንድ ስኒም ቢሆን ይጠጣ። በቂ መጠጣቱን ሽንቱ ይነግራችኋል። ቀለሙ ፈዛዛ ከሆነ ደህና ነው። ጠቁሮ ካነሰ ጨምሩለት።

ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። ስለዚህ ለመጠጥ የምታፈሉት ውሃ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ሙሉ ይቆይ። ጉጉፍቱንና ደላንታን የመሰለ ደጋ ላይ ያላችሁም እንዲሁ። እኔ ጠዋት አንድ ትልቅ ማንቆርቆሪያ አፍልቼ ግማሹን ፔርሙዝ ውስጥ፣ ግማሹን ክዳን ባለው ጆግ አደርገዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ለሻዩም፣ ለጉሮሮውም፣ ለአፍንጫውም ከዚያ እቀዳለሁ።

የዝንጅብሉ ሻይ

ሁሉም ቤት የራሱ አለው። የእናቴ እንዲህ ነው።

1. የአውራ ጣት ያህል ዝንጅብል እጠቡ። ቆዳውን በማንኪያ ጫፍ ፋቁት። በሙቀጫ አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ዘነዘናውን አሳርፉበት፤ መድቀቅ የለበትም፣ መሰንጠቅ ይበቃዋል።
2. 4 ብርጭቆ ውሃ ላይ ጨምራችሁ ክደኑና በመጠነኛ እሳት 10 ደቂቃ አፍሉ። ከፈለጋችሁ ሁለት ሦስት ቅርንፉድና ትንሽ ቀረፋ ጨምሩ። ጦስኝ ካላችሁ አንድ ቆንጠር።
3. እሳቱን አጥፉ። ጤና አዳም የምትወዱ አንዲት ትንሽ ቅርንጫፍ አሁን አስገቡ፣ 2 ደቂቃ ቆይታችሁ አውጧት።
4. አጥልላችሁ ስኒ ውስጥ ቅዱ። መጠጣት የምትችሉበት ሙቀት ላይ ሲደርስ አንድ የሻይ ማንኪያ ማርና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ጨምሩ።

ማሩን ከእሳት ላይ አታስገቡ። ሲፈላ ሽታውም ጣዕሙም አብሮ ይተናል። እናቴ ስኒውን ጉንጯ ላይ ታስነካና «አሁን ማሩ ይግባ» ትላለች። ቴርሞሜትሯ ጉንጯ ነው፤ ተሳስታ አላየኋትም።

በቀን 3 ወይም 4 ስኒ ይበቃል። ዝንጅብል የጨጓራ ሕመም ያለበትን ሰው ያቃጥላል፤ ለሱ አቅጥኑት። የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ሳያበዛ ምግብ ላይ ከሚያገኘው አይለፍ።

ስለ ጤና አዳም ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ። ወሎ ውስጥ ያለሱ ቡናም ቡና አይመስልም። ስኒው ላይ አንዲት ጫፍ ጣል ማድረግ ለአብዛኛው ጤነኛ ሰው ምንም አይደለም። ችግሩ ጉንፋን ሲይዝ «ጠንከር ይበል» ብለን እፍኝ ሙሉ ስንቀቅለው ነው። በብዛት ሲወሰድ ሆድ ያውካል፣ ማሕፀንንም ሊያኮማትር ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት ሻዩን ያለ ጤና አዳም ትጠጣ። ትኩሱን ቅጠል ጨምቃችሁ ቆዳ ላይ ቀብታችሁም ፀሐይ ላይ አትውጡ። ጭማቂው ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ እሳት እንደነካው ያህል ቆዳ ያቃጥላል፣ ውሃ ይቋጥራል። አክስቴ ግንባሯን ለራስ ምታት ቀብታ ገበያ ወጥታ ሳምንት ሙሉ ፊቷ ላይ ጠባሳ ይዛ ከርማለች።

ማር፣ ለሌሊት ሳል

ከጓዳችን ለሳል ይረዳል ብዬ አፌን ሞልቼ የምናገርለት ማር ነው። ጉሮሮውን ይሸፍነዋል፣ ሳሉን ያረግባል፣ ልጅንም እናትንም ያስተኛል። ከ1 ዓመት በላይ ላለ ልጅ ከመኝታ በፊት ግማሽ የሻይ ማንኪያ፤ ከፍ ላለ ልጅ አንድ ማንኪያ፤ ለአዋቂ እስከ ሁለት። ከዚያ ጥርስ ይታጠብ።

ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር በጭራሽ አይሰጥ። ማር ውስጥ የሕፃን አንጀት የማይችለው የባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል። ቦቱሊዝም የሚባል፣ ጡንቻን የሚያዝል፣ የሚገድል በሽታ ያመጣል። ለአራስ ምላስ ላይ ማር ማስነካት የለመደ አያት ካለ፣ በአክብሮት ግን ሳትለሳለሱ ንገሯቸው።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ማርን ከስኳር ይቁጠረው። ማሩ ከጣሳው ሥር ረጋ ብላችሁም «ስኳር ቀላቀሉበት» ብላችሁ አትጣሉት፤ ንጹሕ ማርም ይረጋል። የላስታን ነጭ ማር የሚያውቅ ይህን ያውቃል። ላሊበላ የሚለው ስም ራሱ ንቦች ንግሥናውን አወቁለት ከሚል ትውፊት ጋር የተያያዘ ነው። አገሩ ከማር ጋር የቆየ ዝምድና አለው።

ጉሮሮና አፍንጫ

ለጉሮሮ፦ አንድ ብርጭቆ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙ። ጉንጭ ሙሉ ይዛችሁ፣ አንገታችሁን ወደ ኋላ አድርጋችሁ «ኧ» እያላችሁ ተጉመጥመጡና ትፉት። በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ። ርካሽ ነው፣ ይረዳልም። ትንንሽ ልጆች ግን ስለሚውጡት ይቅርባቸው።

ለተዘጋ አፍንጫ፦ 3 ደቂቃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ አንድ ብርጭቆ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። በየቀኑ አዲስ ይዘጋጅ። ለሕፃን በንጹሕ ጠብታ መጣያ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ፣ ጡት ከመጥባቱ ትንሽ ቀደም ብሎ። ጡት አልይዝ እያለ የሚያለቅስ ሕፃን ብዙ ጊዜ ጠልቶ አይደለም፤ አፍንጫው ተዘግቶ መተንፈስና መጥባት አንድ ላይ አልሆንለት ብሎ ነው። ልጄ አራት ወር ሳለ ይህን ባለማወቄ አንድ ሌሊት አብሬው አልቅሻለሁ። ጠብታውን አድርጌ፣ አፍንጫውን ጠርጌ፣ አምስት ደቂቃ ቆይቼ ሳስጠጋው እንዴት እንደጠባ አልረሳውም።

እንፋሎት

ባሕር ዛፍ በየጓሮው አለ። እንፋሎቱ አፍንጫ የተከፈተ ያህል ይሰማል፤ ወፍራሙን ንፍጥም ያላላል። በየዓመቱ ግን በዚህ ሰው ይቃጠላል። ድስቱ ምድጃው ላይ እንዳለ ጋቢ ተከናንበው የሚያጎነብሱ አሉ። እንደዚያ አይደረግም።

ድስቱን ከእሳት አውርዱ። የማይናወጥ ጠረጴዛ ላይ ወይም መሬት ላይ አስቀምጡት። አምስት ስድስት የታጠበ ቅጠል ጨምሩና ሁለት ደቂቃ ይረፍ። ፊታችሁ ከውሃው ሁለት ስንዝር ይራቅ። ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ፎጣ ከላይ ጣል አድርጉ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በአፍንጫ ሳቡ። ላብ እያላበ ወደ ውጭ አትውጡ፤ ተጠቅልላችሁ ጋደም በሉ።

ልጆችን ድስት ላይ አታጎንብሱ። ልጅ ይነቃነቃል፣ ድስቱም ይገለበጣል። የባሕር ዛፍ ዘይት አይጠጣም፣ ለማንም። ቪክስ ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይቀባም፤ ለትልልቆችም ደረትና ጀርባ ላይ እንጂ አፍንጫ ቀዳዳ ውስጥ አይገባም።

ዳማከሴ፣ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት

ዳማከሴ የምች መድኃኒት ነው፤ ለጉንፋንም እንጠቀምበታለን። ልማዳችንን አልነቅፍም። ቅጠሉን በፈላ ውሃ እጠቡ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጨምቁ፣ ሁለት ሦስት ጠብታ ቡና ላይ። በዚህ መጠን ይብቃ። ጭማቂውን አፍንጫና ዓይን ውስጥ ማንጠባጠብ ግን ተዉ፤ ቆሻሻ ይዞ ይገባል፣ ሥሡን ሥጋም ያቃጥላል። ለሕፃን በአፍም በአፍንጫም አይሆንም። ምች የምንለው፣ ከትኩሳት ጋር ከንፈር ላይ የሚወጣው ቁስል ብዙ ጊዜ ሄርፒስ ከሚባል ቫይረስ ነው፤ እስኪደርቅ ሕፃን አትሳሙ።

ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ያቃጥላሉ፣ ንፍጥ ያወርዳሉ፣ ለጊዜው ቀለል ይላል። ባዶ ሆድ ላይ ግን ጨጓራ ይልጣሉ። ነጭ ሽንኩርቱን መረቁ ውስጥ ቀቅሉት። ፌጦ ነፍሰ ጡር አትውሰድ።

አረቄ በማር የሚሉ አሉ። ጉሮሮን ያሞቅ ይሆናል፤ እንቅልፍ ግን ይበጠብጣል፣ ከፓራሲታሞል ጋር ደግሞ ጉበትን ይጎዳል። ጫትም በሕመም ሰሞን ይቆይ። ምግብ ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ ታማሚው ደግሞ ከምንም በላይ እነዚህን ሁለቱን ይፈልጋል።

ምን ይብላ?

መረቅ። የዶሮም፣ የበግም፣ በጾም ቀን የምስርም። በርበሬው ይቀነስ፣ ጉሮሮ ይቆጠቁጣል። ሌላው አጥሚት ነው፦ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የአጃ ወይም የገብስ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ፣ 3 ብርጭቆ የሚፈላ ውሃ ላይ እያማሰላችሁ ጨምሩ፣ 15 ደቂቃ ይብሰል። ትንሽ ጨው፣ የሚበላ ከሆነ ትንሽ ቅቤ። ጓጎል ቢል ደህና ነው፣ አጥሉት።

ሰውየው ካልበላ አታስገድዱት፤ ይጠጣ እንጂ። ጾም ላይ ያለ ክርስቲያን የንስሐ አባቱን ይጠይቅ። ረመዳን ላይ ያለ ሙስሊምም ሕመምተኛ እንዲያፈጥር ሃይማኖቱ ይፈቅድለታል፣ ቀኑን በኋላ ይከፍላል። እኛ ሰፈር ሁለቱም በአንድ ግቢ ስለሚታመሙ አንዱ ለሌላው መረቅ ይዞ ይሄዳል፤ ሥጋው የማን እርድ እንደሆነ ሁሉም ስለሚያውቅ የሚላከው የምስር ነው።

ትኩሳትና ክኒን

ትኩሳት ራሱ ጠላት አይደለም። ሰውየው ከተቸገረ፣ ካልተኛ ወይም ካልጠጣ ፓራሲታሞል ይውሰድ። ለአዋቂ 500 ሚሊግራም ፍሬ አንድ ወይም ሁለት፣ በየ6 ሰዓቱ። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ አይለፍ። ለልጅ በክብደቱ ነው የሚሰላው፤ ፋርማሲው ክብደቱን ሲጠይቃችሁ በግምት አትመልሱ፣ አስመዝኑት። ከፋርማሲ የሚሸጡ የጉንፋን ክኒኖች ብዙዎቹ ውስጣቸው ፓራሲታሞል አለ። ከሌላ ፓራሲታሞል ጋር ደርባችሁ ስትወስዱ መጠኑ ሳይታወቃችሁ እጥፍ ይሆናል። አስፕሪን ለልጆችና ለወጣቶች በጉንፋን ጊዜ አይሰጥም።

ያተኮሰውን ልጅ በአራት ብርድ ልብስ አትጠቅልሉት። ቀለል ያለ ልብስ ይበቃዋል። በቀዝቃዛ ውሃም አትዘፍዝፉት።

ጭስና ከሰል

በ1911 ዓመተ ምህረት የኅዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ አገሩን ፈጅቷል። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተቃጠለ «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። የዚያ ሐዘን ትዝታ ነው። የሚያስል ሰው ያለበትን ክፍል ግን በጥንጁትም በወይራም አታጥኑት። ጭስ የቆሰለውን የአየር ቧንቧ ያባብሳል፤ በተለይ የሕፃንና የአስም ታማሚ።

ከሁሉ በላይ ይህን አደራ እላለሁ፦ ብርድ ነው ብላችሁ የከሰል ምድጃ መኝታ ቤት አስገብታችሁ አትተኙ። ከሰሉ ጭሱ አልቆ ቀይ ፍም ሲሆን «ጠራ» እንላለን። አልጠራም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ያወጣል። የተኛ ሰው አይነቃም። ቤቱን አሙቁ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃውን ደጅ አውጡት፣ ከዚያ ቡሉኮውን ልበሱ። ቀን ቀን ደግሞ መስኮቱ ለትንሽ ጊዜ ይከፈት። ጉንፋን በብርድ ወራት የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ተዘግተን፣ ተጠጋግተን፣ ያንኑ አየር ስለምንተነፍስ ነው።

ልጅ ላይ የማይደረጉ

ጉሮሮው የታመመ ልጅ «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ እንጥሉ ይቆረጣል። ይህ ዛሬም አለ። እባካችሁ አታስቆርጡ። ደም ይፈሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ በምላጩም ሌላ በሽታ ይገባል፣ ልጅ ይሞታል። እንጥል በጉንፋን ጊዜ ማበጡ ያለ ነው፤ ጉንፋኑ ሲለቅ ይመለሳል። ግግ ነው ተብሎ ድድ መቧጨርም እንዲሁ።

ቅቤ አናት ላይ ቢደረግ ጉዳት የለውም። የቀለጠ ቅቤ አፍንጫ ውስጥ ማንጠባጠብ ወይም በግድ ማስዋጥ ግን ወደ ሳንባ ይወርድና የሳንባ ምች ያመጣል። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን መድኃኒቱ የእናት ጡት ነው፤ ሻይም፣ አብሽም፣ ውሃም አይጨመርለትም።

መቼ እንሂድ?

የሕፃኑን ትንፋሽ መቁጠር ተማሩ። እንዲህ ነው፦ ሕፃኑ ተረጋግቶ ሳያለቅስ ልብሱን ከሆዱ ገለጥ አድርጉ። ስልካችሁ ላይ አንድ ደቂቃ ሙሉ ያዙ። ሆዱ ከፍ ባለ ቁጥር አንድ ብላችሁ ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች ላለ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጥኗል ማለት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም የምትቆጥረው እንደዚሁ ነው። ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው ወደ ውስጥ ስርጉድ ካለ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ካፈዘዘው ሌሊትም ቢሆን ውሰዱት። ከ2 ወር በታች ያለ ሕፃን ካተኮሰው ወይም ከቀዘቀዘ ምንም አትጠብቁ።

አዋቂ ላይ፦ ትንፋሽ ማጠር፣ ደረት ላይ ውጋት፣ ደም የተቀላቀለበት አክታ፣ መዘባረቅ፣ ከ3 ቀን በላይ የሚቆይ ከፍተኛ ትኩሳት። ሳል 2 ሳምንት ከሞላው ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይደረግ። አትፈሩ፣ ሂዱ፤ ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ጣቢያ ነፃ ነው።

እናቴ የሆነችውን ልንገራችሁ። አምስተኛው ቀን ላይ ተሽሏት ቡና አፈላች። ስድስተኛው ቀን አረፋፍዳ ተኛች። ማታ ትኩሳቱ ተመለሰ፣ «ጎኔን ወጋኝ» አለች። ዝንጅብል ላፈላ ተነስቼ ነበር፤ ያቆመኝ ያ ውጋት ነው። ጉንፋን ተሽሎ እንደገና ሲያገረሽ ሳንባ ላይ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ሄድን፤ የሳንባ ምች ሆኖ ተገኘ። እሷን ያዳናት ያኔ የታዘዘላት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ነው። እስከ መጨረሻው ፍሬ ጨረሰችው።

ሌላው እንዳይያዝ

የሚያስል ሰው ጉርሻ አያጉርስ፣ አይጉረስም። ስኒው ይለይለት፤ ስኒዎቹን ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ነክሮ ማውጣት አይበቃም፣ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ይታጠቡ። እጅ ቶሎ ቶሎ በሳሙና ይታጠብ። ሳል በክንድ ወይም በሶፍት ይሸፈን፣ ሶፍቱ ይቃጠል። ጠያቂ ይመጣል፤ ወሎ ላይ ታሞ ሳይጠየቅ የሚተኛ የለም። በር ላይ ከኮሮና የተረፈ ማስክ አስቀምጡ። ሕፃን የታቀፈችውን ደግሞ «እትዬ፣ ሲሻለኝ ነይ» በሉ። አትቀየምም።

ማታ ከመተኛታችሁ በፊት

አልጋው አጠገብ ፔርሙዝ ሙሉ ሙቅ ውሃ፣ ስኒ፣ ማርና ማንኪያ ይቀመጥ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሳል ሲነሳ ጓዳ አትሂዱ። አንድ ትራስ ጨምሩ፤ ጭንቅላት ከፍ ሲል አፍንጫና ጉሮሮ ይቀልላል፣ ለሕፃን ግን ትራስ አይደረግም። ፓራሲታሞል የተወሰደበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ጻፉ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሰዓቱን ይረሳና ይደግማል። ከሰሉ ደጅ መውጣቱን አንድ ጊዜ ተነስታችሁ እዩ። ስልካችሁን ቻርጅ አድርጉ፣ ሌሊት ከጠሩት የሚመጣ የባጃጅ ሹፌር ቁጥርም ተመዝግቦ ይቆይ።